እሱ ሳለ

ከሱምቢንግ ተራራ ሥር፥ ዳገቱ ሁሉ ትምባሆ ነው፤
ልጅ የሚማረው፥ ጣሪያ የሚከደነው፥
ሙሽራ የሚዳረው፥ የከረመ ዕዳ የሚከፈለው
በዚያ ቅጠል ነው።

እኔ የመንደሩ ጸሐፊ ነኝ፤
ቃለ ጉባኤ ስይዝ፥ ከግራ እጄ ሲጋራ የማይለየኝ።

በኛ ዘንድ ሰው ሲሞት፥ በሰባተኛው ማታ
ጎረቤት ይሰበሰባል፥ ለዱዓ፥ በዝምታ፤
ባለቤት ያቀርባል፥ በመስታወት ብርጭቆ፥
ሲጋራ እንደ አበባ፥ ቆሞ ተጠባብቆ።
ያልቀረበለት እንግዳ፥ ተንቄያለሁ ይላል፤
ያላቀረበ ቤት፥ ዓመቱን በስስት ይታማል።

ፓርጂማን ሞተ። ሳንባው ነው አሉ ሐኪሞቹ፤
በመጨረሻው ወር፥ ከሸሚዙ ላይ ይቆጠሩ ነበር አጥንቶቹ።
ሚስቱ ዋጊራ፥ ሲጋራ ከንፈሯን ነክቶት የማያውቅ፥
ሳሉን ተጋርታው ነበር፥ ሌሊቱ እስኪያልቅ።

በሰባተኛው ማታ ሄድን፤ ቁጭ አልን በየምንጣፋችን።
ብርጭቆው መጣ፤ ተከተለው ዓይናችን።
ለውዝ ነበረበት።
የተቆላ ለውዝ፥ ጨው የተነሰነሰበት።

ሽማግሌው ትሪስኖ ጉሮሮውን ጠረገ፤
እጁ ወደ ኪሱ ሄዶ፥ ከመንገድ አፈገፈገ።
ዋጊራ ከጓዳ ወጥታ፥ ከበሩ መቃን ተጠግታ፥
«ስስት አይደለም» አለች፥ ሳሏን በመሐረብ ገትታ፤
«እናንተ አጭሳችሁ ትሄዳላችሁ፤ ጢሱ ግን አይሄድም፤
ከፍራሹ፥ ከመጋረጃው፥ ከልጄ ጠጉር አይለቅም።
ባሌ ሳለ ሳለ።
አሁን ባሌ የለም፤ ሳሉ ግን እዚሁ አለ።»

ከዚያ በኋላ ክርክር ሆነ፤ ሦስት ስብሰባ፥ በአዳራሹ።
«በአፋችን የምንበላውን፥ በአፋችን ልንረግመው?»
አለ ትሪስኖ፤ «አባቴ ሰባ ዓመት አጨሰ፤ የገደለው
ከኮኮናት ዛፍ መውደቅ ነው!»
ሳቅን። እሱም ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት፤
ጠበቅነው፤ አላበቃ፤ አንዱ ተነስቶ ውሃ ቀዳለት።
ያን ሳል በቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም፤
ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ተቃውሞ አልሰማሁም።

አዋላጇ ሱካርሲ ብቻ፥ ከኋላ ወንበር ተነስታ
«እርሻችሁን የነካ የለም» አለች፥ ጫማዋን ጭቃ ሞልቶት፤
«እኔ የማውቀው ሌላ ነው፤ አራስ ቤት ገብቼ፥
ሕፃኑን ሳልቀበል፥ መስኮት ነው የምከፍት።»

ሊቀመንበሩ ማርሱዲ፥ እንዲህ ሲል አስጻፈኝ፦
«በቤት ውስጥ አይጨስም፤ በአዳራሽ፥ በሠርግ፥ በለቅሶ፤
ሕፃን ባለበት አይጨስም።» ብዕሬን አንስቼ
«ቅጣቱስ?» ብለው፥
«ዝናቡ ነው» አለኝ፤ «ውጭ ቆሞ ያጭስ፥ በስብሶ።»

ማንበብ ለማይችለው፥ ሰሌዳው ሥዕል ይኑረው ተባለ፤
ከሟቹ ልጅ ከዉላን ሌላ፥ ቀለም የሚያውቅ ማን አለ?
አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሦስት ቀን ወሰደባት፤
እኔ የጠበቅኩት ሲጋራ ነው፥ ቀይ መስመር ያለፈባት።
አልነበረም።
ብርጭቆ ነው የሳለችው፥ አፉ ድረስ ለውዝ የሞላ፤
አንዷ ፍሬ ብቻ ወድቃለች፥
የሰው እጅ ጠርቷት እንደሁ፥ ወይ ዶሮ ሊበላ።

ሰሌዳው በአዳራሹ በር ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከበሩ ውጭ፤
(ሕጉን የጻፍኩ እኔ ነኝና፥ ልሸሽ ብል ወዴት ልምጣ?)
ክብሪቴ ረጥቧል፤ ሦስቱን ጫርኩ፥ ሦስቱም ከሸፉ።
በመስኮቱ አያለሁ፤ ሰው ተቀምጧል፥
ለውዝ ይፈለፍላሉ፤
ትሪስኖ እንኳ፥ ጥርስ የሌለው፥ በድድ ያላምጣል፤
ዋጊራ ከልጇ ጎን፥ መሐረቧን ይዛ
አንዳንዴ ትስላለች፥ አንዳንዴ ትስቃለች።

አላጨስኩም ያን ማታ። ነገን አላውቅም።
ዝናቡ ሰሌዳውን ሲያጥበው፥ ቀለሙ ግን አልለቀቀም፤
ቆሜ አየሁት፤ ለራሴ እንዲህ አልኩ፥ ድምፄን ሳላሰማ፦
እሱ ሳለ፥ ሳለ።
እሷ ሳለች።